ቱቦ የሌለው ብክለት፦ ከጉማራ ዳገት እስከ ጣና ዳር ናሙና መውሰድ፣ መለካትና ምንጩን መለየት

ፋብሪካ ወንዝ ሲበክል ቱቦው ይታያል። ከማሳ፣ ከከብት በረት፣ ከጥርጊያ መንገድና ከቆርቆሮ ጣሪያ ታጥቦ የሚመጣው ግን እጅ የሚቀሰርበት ባለቤት የለውም። በፎገራ ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና የሚገባው ፎስፈረስ፣ ናይትሮጅንና ብረታ ብረት በአመዛኙ የዚህ ዓይነት ነው። ሊያዝ የሚችለውም በልኬት ብቻ ነው፤ ልኬቱም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፦ በውሃው ውስጥ ያለውን መጠንና የውሃውን ብዛት። አንዱን ትቶ ሌላውን መለካት ድካም ብቻ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለወረዳ የውሃ፣ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ ለመመረቂያ ጥናት ለሚወጡ ተማሪዎችና ወንዛቸውን ራሳቸው መከታተል ለሚፈልጉ የቀበሌ ኮሚቴዎች ነው። ምሳሌው የጉማራ ወንዝ ነው። አሠራሩ ግን ለርብ፣ ለመገጭና ለግልገል አባይም ይሆናል።

ወንዙ ምን ይሸከማል? በምን ላይ ጭኖ?

ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ይነሣና 1,786 ሜትር ላይ ካለው ከጣና ይገባል። ላይኛው ተፋሰስ ገደላማ፣ አፈሩም በብዛት ቀይ ነው። ታችኛው የፎገራ ሜዳ ጠፍጣፋና ዋልካ ነው። ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ስለሚያጣ ደለሉን ይጥላል። አልጋው ከፍ እያለ ሲሄድ በሙላት ጊዜ ዳርና ዳሩን ጥሶ ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች፣ ወደ ሩዝ ማሳዎችም ይሰራጫል።

ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ያዙ። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከደቃቅ ደለል ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ናይትሬት ሟሙቶ ይጓዛል፤ በአፈር ውስጥ ሰርጎም ስለሚመጣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ እንኳ ይዘገያል። ዚንክ፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም እንደ ፎስፈረስ ደለል ላይ ይጫናሉ፤ የአካባቢው ውሃ ብዙውን ጊዜ ወደ አልካሊ ስለሚያደላ ሟሙቶ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ለብረታ ብረት የተጣራ ውሃ ብቻ መርምሮ «የለም» ማለት ዋናውን ጭነት ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

የሩዝ ማሳ ግን ይህን ሕግ ይሽራል። ውሃ ለሳምንታት በተኛበት አፈር ውስጥ ኦክሲጅን ያልቃል፤ ብረትና ማንጋኒዝ መሟሟት ይጀምራሉ፣ ብረቱ አፍኖ ይዞት የነበረው ፎስፈረስም አብሮ ይለቀቃል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ማሳው ሲጠነፈፍ የሚወጣው ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ጥራቱ አያዘናጋችሁ፤ የሟሟ ፎስፈረስ በብዛት የሚገኘው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ቦታ መምረጥ

ዘፈቀደ አሥር ቦታ ከመቅዳት በደንብ የታሰቡ አምስት ቦታዎች ይሻላሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ የምትጠረጥሩት ነገር ሁሉ ከላይና ከታች ጥንድ ናሙና ይኑረው።

1. ላይኛው ንጽጽር፦ ከትላልቅ ማሳዎችና ከከተማ በላይ ያለ ገባር። የተፈጥሮው መጠን የሚታወቀው ከዚህ ነው።
2. ከዋንዛዬ ፍል ውሃ በላይና በታች። ፍል ውሃ ከመሬት ውስጥ የራሱን ማዕድን ይዞ ስለሚወጣ፣ ይህ ጥንድ ካልተወሰደ የተፈጥሮው በገበሬው ላይ ይላከካል።
3. የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጉማራን የሚሻገርበት ድልድይ። ፍሰት ለመለካት ይመቻል፣ በክረምትም ይደረስበታል።
4. ከሩዝ ማሳዎቹ በታች፣ ሐይቁ ግን ገና ወደ ኋላ ከማይገፋው ቦታ።
5. ወደ ወንዙ በቀጥታ የሚገቡ ሁለት ወይም ሦስት ፈሰሶች (የማሳ ውሃ ማፍሰሻ ቦዮች)፣ ወይም የከተማ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጣና ከፍታ ጣሪያ የሚነካው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ወንዙ አፉ አካባቢ ተኝቶ ይቆማል፤ አንዳንዴም የሐይቁ ውሃ ወደ ላይ ይገባል። እዚያ የተቀዳው ውሃ የወንዙ ይሁን የሐይቁ አይለይም፣ ፍሰቱም አይለካም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ተንሳፋፊ ነገር ጣሉ፤ ከቆመ ወይም ወደ ላይ ከሄደ ቦታውን ወደ ድልድዩ አቅጣጫ አስጠጉ።

ልብስ የሚታጠብበት፣ መኪናና ባጃጅ የሚታጠብበት ወይም ከብት የሚጠጣበት መልካ ላይ ናሙና አትውሰዱ፤ የተፈለገው እሱ ራሱ ካልሆነ በቀር። በዚያ ጊዜም ከላይና ከታች ይሁን።

ጊዜው

የዓመቱ ጭነት አብዛኛው የሚያልፈው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው። ማሳው ታርሶ ልሙጥ ሆኖ ሳለ፣ ዘሩ ሳይሸፍነው፣ የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ ዝናብ ይመጣል። በጋውን ሙሉ መንገድ ላይና በየግቢው የተጠራቀመው አቧራ፣ ፍግ፣ ዘይትና የቆርቆሮ ዝገትም የሚታጠበው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነው። በነሐሴ መጨረሻ ሰብሉ ስለሚሸፍነው ወንዙ ብዙ ውሃ ይዞ እንኳ ደለሉ ይቀንሳል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለሃያ ናሙና ብቻ የሚበቃ ከሆነ አሥራ ሁለቱን ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፣ አራቱን በነሐሴ፣ ሁለቱን ሩዙ በሚጠነፈፍበት ጊዜ፣ ሁለቱን በየካቲት ወይም በመጋቢት አውሉ። በየወሩ አንድ ቀን መውጣት ለሪፖርት ይመች ይሆናል፤ ጎርፉ ግን የወር ቀጠሮ አያከብርም።

የክረምቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ የውሃው ጫፍ በጨለማ ያልፋል። ለዚህ ራሱን የሚሞላ ጠርሙስ ይሠራል። ጠንካራ ቋሚ እንጨት በወንዙ ዳር ባለ ዛፍ ወይም በድልድይ እግር ላይ በሚገባ እሰሩ። ግማሽ ሊትር የሚይዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን በ30 ሳንቲሜትር ልዩነት ከታች ወደ ላይ አስሩበት። የእያንዳንዱን ክዳን ሁለት ቦታ በስታችሁ ሁለት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡ፦ አንዱ ወጣ ብሎ ወደ ታች ታጥፎ ውሃ ያስገባል፤ ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ አየር ያስወጣል። ክዳኑ ዙሪያ በሲልከን ይደፈን። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ጠርሙሶቹ በየተራ ይሞላሉ፤ ጠዋት ሄዶ መሰብሰብ ነው። የአየር ቱቦው ከውሃ ማስገቢያው ዝቅ ካለ ጠርሙሱ አይሞላም፤ ይህ ስሕተት በብዛት ይታያል። እነዚህ ጠርሙሶች ለደለል፣ ለጠቅላላ ፎስፈረስና ለጠቅላላ ብረታ ብረት ይሆናሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀዘቅዙ ስላደሩ ለናይትሬትና ለሟሟ ፎስፈረስ አትጠቀሙባቸው።

ዕቃና ዝግጅት

የናሙና ጠርሙስ ወፍራም ነጭ ፖሊኢትሊን ይሁን። የሃይላንድ ኮዳ ለደለል ምዘና ይበቃል፣ ለብረታ ብረት ግን አይሆንም። ጠርሙሶቹን በፎስፌት የለሽ ሳሙና እጠቡ። የፎስፈረሶቹን በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ የብረታ ብረቶቹን በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አንድ ሌሊት አሳድሩ። ከዚያ በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። የናይትሬት ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ አይንካው፤ ያልታጠበ ቅሪት ከወንዙ ውስጥ ካለው በላይ ናይትሬት ይሰጣል። የገበያ የልብስ ሳሙና ደግሞ ራሱ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል። አሲድ ስታቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ከጨመራችሁ ይፈናጠራል።

ወደ መስክ የሚሄደው ዕቃ ይህ ነው፦ ባለ 0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያና 50 ሚሊሊትር ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ በጠብታ ጠርሙስ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት፣ በረዶ ያለው የማቀዝቀዣ ሳጥን፣ የፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ የሙቀትና የሟሟ ኦክሲጅን መለኪያ፣ 50 ሜትር ገመድ፣ ሜትር፣ ባለ ምልክት ረጅም እንጨት፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ውሃ የማያጠፋው እስክሪብቶ።

ባልዲው የፕላስቲክ ይሁን ያልነው በምክንያት ነው። የቆርቆሮ ባልዲ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ከድልድይ ላይ በእርሱ የተቀዳ ውሃ የባልዲውን ዚንክ ይዞ ላቦራቶሪ ይገባል። በእጅ ያለ ቀለበት፣ የሲጋራ አመድ፣ ሳንቲም የነካ ጓንት፣ የዛገ ሰንሰለትም እንደዚሁ ናቸው።

ፍሰት መለካት

የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ካለ በእርሱ ይሠራል። ከሌለ ብርቱካን ይበቃል፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አይገፋውም። በበጋ፣ ወንዙ ዝቅ ሲል፦

ቀጥ ያለ፣ ድንጋይና አሸዋ ክምር የሌለበት 20 ሜትር ርዝመት ምረጡ። በሁለቱም ጫፍ ገመድ አሻግራችሁ ዘርጉ። በላይኛው ገመድ በየሜትሩ ጥልቀቱን በእንጨቱ ለኩ፤ አማካዩን በስፋቱ አባዙ፣ የወንዙ መስቀለኛ ስፋት ይህ ነው። ብርቱካኑን ከላይኛው ገመድ ጥቂት ቀደም አድርጋችሁ ጣሉ። ከገመድ እስከ ገመድ የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ፤ ከግራ፣ ከመካከልና ከቀኝ በኩል ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሙ። የገጽታው ፍጥነት ከአማካዩ ስለሚበልጥ በ0.85 አባዙት።

ለምሳሌ ወንዙ 18 ሜትር ስፋትና 0.6 ሜትር አማካይ ጥልቀት ቢኖረው መስቀለኛ ስፋቱ 10.8 ካሬ ሜትር ነው። ብርቱካኑ 20 ሜትሩን በ40 ሰከንድ ከሄደ 0.5 ሜትር በሰከንድ፣ በ0.85 ሲባዛ 0.425 ይሆናል። ፍሰቱ 4.59 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው።

በክረምት ሙላት ማንም ወደ ውሃው እንዳይገባ። ለዚህ ነው መስቀለኛ ስፋቱን በበጋ ማጥናት ያስፈለገው፦ በድልድዩ እግር ላይ ያለውን የከፍታ መለኪያ፣ ከሌለም ራሳችሁ በቀለም ያሰመራችሁትን፣ ከበጋው ልኬት ጋር አያይዙ። በሙላት ቀን ከፍታውን ማንበብና ብርቱካን ከድልድዩ መጣል ይበቃል። የጉማራ አልጋ ግን በደለል ይሞላል፣ አሸዋ በሚወጣበት ቦታም ይጎደጉዳል። ስለዚህ የበጋው ልኬት በየዓመቱ ይታደስ፤ የአምናን መስቀለኛ ስፋት ለዘንድሮ መጠቀም ስሌቱን በሙሉ ያዛባዋል።

በወንዝ አፎችና በአባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ እንዳለ አትርሱ፤ በንጋትና በምሽት ብቻችሁን አትውረዱ። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ረጅም ቦት ጫማ ልበሱ፣ በባዶ እግር አትግቡ።

ውሃ መቅዳት

ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙራችሁ ቁሙ፤ እግራችሁ የሚያደፈርሰው ወደ ኋላ ይሂድ። ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ እጣቢውን ከኋላችሁ ድፉ። የጠርሙሱን አፍ ወደ ፍሰቱ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ሙሉ። ገጽታው ላይ የተንሳፈፈ ቅባትና ገለባ፣ ሥር ላይ ያለ ጭቃም እንዳይገባ። ወንዙ ሰፊ ከሆነ ከሦስት ቦታ በእኩል ቀድታችሁ ባልዲ ውስጥ አዋሕዱ።

ከአንድ ቦታ አራት ጠርሙስ ይወጣል። አንደኛው ያልተጣራ፣ ለደለል ምዘና፣ አንድ ሊትር። ሁለተኛው ያልተጣራ፣ ለጠቅላላ ፎስፈረስና ለጠቅላላ ናይትሮጅን፤ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ2 በታች ይውረድ። ሦስተኛው እዚያው በ0.45 የተጣራ፣ አሲድ ያልነካው፣ ለናይትሬትና ለሟሟ ፎስፈረስ፤ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በጨለማ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። አራተኛው የተጣራና ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት፣ ለሟሟ ብረታ ብረት፤ ለአንድ ሊትር ወደ 2 ሚሊሊትር ይበቃል፣ ፒኤቹ ከ2 በታች መሆኑን በወረቀት አረጋግጡ።

ቅደም ተከተሉን የሚያበላሽ ውጤቱን ሁሉ ያጣል። ከማጣራት በፊት አሲድ ከተጨመረ አሲዱ በደለሉ ላይ የተጣበቀውን ብረታ ብረት ሁሉ አላቆ ያሟሟዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢጣራ የሚነበበው የሟሟው አይደለም። በሐምሌ የጉማራ ውሃ እጅግ ድፍርስ ስለሆነ ማጣሪያው ከ20 ወይም ከ30 ሚሊሊትር በኋላ ይደፈናል። ሲሪንጁን በጉልበት አትግፉት፤ ማጣሪያው ይቀደድና ደለሉ ያልፋል። ማጣሪያውን ቀይሩ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ሚሊሊትር ድፉ፣ ላቦራቶሪው 30 ሚሊሊትር ይበቃኛል ካለ በዚያ ቁሙ።

በየመስክ ጉዞው አንድ ባዶ ናሙና ይኑር፦ ከላቦራቶሪ የመጣ የተጣራ ውሃ ወንዙ ዳር ተከፍቶ፣ በዚያው ሲሪንጅ ተጣርቶ፣ በዚያው አሲድ ተይዞ። በእርሱ ውስጥ ዚንክ ከተገኘ ዚንኩ የመጣው ከእናንተ ነው። ከአሥር ናሙና አንዱ ደግሞ በድጋሚ ይቀዳ።

የሞተ ዓሣ ብታገኙ ወዲያው ብረታ ብረትን አትክሰሱ። የጣና ነጭ ዓሣዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ ይወጣሉ፤ በዚያው ወቅት የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጠው ውሃ ውስጥ የሚነሰንሱ አጥማጆች አሉ። ኦክሲጅኑን ለኩ። ኦክሲጅኑ ደህና ሆኖ ዓሣው በአንድ አጭር ክልል ብቻ ተንሳፎ ከተገኘ ብርብራን መጠርጠር ይቀድማል። ሌሊት ኦክሲጅን ወርዶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የበሰበሰ ፍግና አረም ነው።

ደለል

ለብረታ ብረት ከውሃው ይልቅ ደለሉ ታማኝ ምስክር ነው፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የአንድ ወቅት ታሪክ ይዟል። ውሃው ሲቀንስ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውሃ ከሚያርፍበት የወንዙ ክንድ ላይኛውን 2 ሳንቲሜትር በፕላስቲክ ማንኪያ ጥረጉ። ከአንድ ቦታ ከአምስት እስከ አሥር ነጥብ ወስዳችሁ አዋሕዱ። ከዚያ በ63 ማይክሮሜትር ናይለን ወንፊት በወንዙ ውሃ ታጥቦ ይለፍ። የናስ ወንፊት መዳብና ዚንክ ስለሚሰጥ አይሆንም።

ውጤቱ ሲመጣ የሚደረገው ትልቁ ስሕተት ከውጭ መመዘኛ ጋር ብቻ ማወዳደር ነው። ለወንዝ ደለል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መመዘኛ ጉዳት ሊደርስ የሚችልበትን መጠን ለኒኬል 48.6፣ ለክሮሚየም 111፣ ለመዳብ 149፣ ለዚንክ 459 ሚሊግራም በኪሎግራም ያደርገዋል። የጣና ተፋሰስ ግን ባዛልት ነው። ባዛልት በተፈጥሮው ኒኬል፣ ክሮሚየምና መዳብ ስለሚበዛበት ማንም ያልነካው የጉና ገባር ደለል እንኳ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው አንደኛው የናሙና ቦታ ያስፈለገው።

ሁለተኛው ወጥመድ የደለሉ ድቀት ነው። የደቀቀ ደለል ብዙ ብረታ ብረት ይይዛል፣ ስለዚህ የታችኛው ቦታ ሁልጊዜ የተበከለ ይመስላል። መፍትሔው ለአሉሚኒየም ማካፈል ነው። ላይ ዚንኩ 100፣ አሉሚኒየሙ 50,000፤ ታች ዚንኩ 140፣ አሉሚኒየሙ 70,000 ሚሊግራም በኪሎግራም ቢሆን ዚንኩ በ40 በመቶ የጨመረ ይመስላል። ሲካፈል ግን ሁለቱም 0.002 ናቸው፤ የተጨመረ ዚንክ የለም፣ ደለሉ ብቻ ነው የደቀቀው። የታችኛው ሬሾ የላይኛውን ሁለት እጥፍ ሲያልፍ ነው ምንጭ ፍለጋ የሚጀመረው። በብረት ማካፈል የለመደ ሰው ቢኖር በሩዝ ማሳ አካባቢ ይተወው፤ ብረቱ ራሱ በቆመ ውሃ እየሟሟ ቦታ ይቀያይራል።

ስሌት

ጭነት የሚገኘው መጠኑን በፍሰቱ በማባዛት ነው። ሚሊግራም በሊትር × ሜትር ኩብ በሰከንድ × 86.4 ሲሆን ውጤቱ ኪሎግራም በቀን ነው።

ከላይ ፍሰቱ 2.0፣ ጠቅላላ ፎስፈረሱ 0.10 ይሁን፤ 17.3 ኪሎ በቀን። ከታች ፍሰቱ 2.3፣ ፎስፈረሱ 0.25 ይሁን፤ 49.7 ኪሎ በቀን። በመካከል 32.4 ኪሎ ገብቷል። የተጨመረው ውሃ 0.3 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ ያ ውሃ በሊትር 1.25 ሚሊግራም መያዝ አለበት። አሁን ከፈሰሶቹ የቀዳችሁትን ተመልከቱ። እነሱ 1.2 አካባቢ ከያዙ ምንጩ ተገኘ። 0.3 ብቻ ከያዙ ያላያችሁት ነገር አለ፦ የዳር መደርመስ፣ የወንዙ አልጋ መታወክ፣ ወይም ያልተመዘገበ ቦይ።

የተበተነ ምንጭን ከቱቦ ምንጭ የሚለየው ፈተናም ከዚሁ መዝገብ ይወጣል። ውሃው ሲሞላ መጠኑ ከቀነሰ ምንጩ ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚለቅ ቦታ ነው፤ ውሃው ያቀጥነዋል። ውሃው ሲሞላ መጠኑ አብሮ ከጨመረ ከመሬት እየታጠበ ነው። ይህን ለማየት ቢያንስ ስምንት ወይም አሥር ናሙና፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ፍሰት፣ ያስፈልጋል።

የመለኪያ ስም ብዙ ሪፖርት አበላሽቷል። አንዱ ላቦራቶሪ ናይትሬት ብሎ፣ ሌላው ናይትሬት እንደ ናይትሮጅን ብሎ ይጽፋል፤ ልዩነቱ 4.43 እጥፍ ነው። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው፣ እንደ ናይትሮጅን 11.3። ፎስፌትና ፎስፈረስም በ3.07 እጥፍ ይለያያሉ። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ በኦክሳይድ መልክ የተጻፈ ስለሆነ በ0.436 ይባዛል፦ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 38 ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም 16.6 ኪሎ ፎስፈረስ አለው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው።

ለማነጻጸር፣ በሐይቅ ውስጥ ጠቅላላ ፎስፈረስ በሊትር ከ0.035 ሚሊግራም ሲያልፍ ሐይቁ ከመጠን በላይ እየጠገበ ነው ይባላል። ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ የማያልፍ ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ ነፋስ ሥሩን ያማስለዋል፤ የገባ ፎስፈረስ ተቀብሮ አይቀርም። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እንዲያ የተንሰራፋው ርብ፣ ጉማራና መገጭ ደለላቸውን በሚያራግፉበት በኩል መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ

ጭነቱ ከሁሉም ማሳ እኩል አይመጣም፤ ከወንዙ ጋር በፈሰስ በቀጥታ ከተገናኙት ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ከፈሰሱ ጫፍ ይጀምራል። ፈሰሱ ቁልቁል በቀጥታ እንዳይወርድ ሰያፍ ይቀደድ። ወንዝ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሜትር ስፋት ባለው የደሾ፣ የቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር መደብ ላይ ተበትኖ ይለፍ። ሣሩ ውስጥ ውሃው አንድ መስመር ይዞ ከጠለቀ መደቡ ከንቱ ነው፤ ከመደቡ በላይ በአግድም የድንጋይ ወይም የእንጨት ድርድር አድርጋችሁ ውሃውን በትኑት። ሣሩን እያጨዱ ለከብት ማውጣት ያስፈልጋል፤ እዚያው ከበሰበሰ የያዘውን ፎስፈረስ ይመልሰዋል። ባህር ሸሽ መሬትም እንደዚሁ ነው፦ ሐይቁ ሲሸሽ ማዳበሪያ ተጨምሮ የታረሰው ሐይቁ ሲመለስ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ጓያ ወይም ሽምብራ ያለ ማዳበሪያ መዝራት ይሻላል።

ገበሬውን ስታነጋግሩ «ማዳበሪያ ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ጥቁሩን በስንተኛው ቀን ጣላችሁ? ነጩንስ? ስንት ኪሎ ለአንድ ቃዳ?» ስትሉ ነው ቁም ነገሩ የሚወጣው። ጥቁሩ ኤንፒኤስ፣ ነጩ ዩሪያ ነው። ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። ዩሪያ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ፤ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ አይጣል። የሩዝ ማሳው ውሃ ዝቅ ሲል ዩሪያው ይጣል፣ ከዚያ ቢያንስ ለአምስት ቀን መውጫው ተደፍኖ ይቆይ።

የብረታ ብረቱ ነገር ከከተማና ከግቢ ጋር የተያያዘ ነው። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ማሳ ውስጥና ሽንት ቤት አይጣል። የሞተር ፓምፕ ዘይት የሚቀየረው ወንዝ ዳር ሳይሆን በጄሪካን ተይዞ ወደ ላይ ተወስዶ ነው። የመድኃኒት መርጫው እጣቢ፣ በተለይ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እዚያው ሰብሉ ላይ ይረጭ። ጋራዦችና የመኪና ማጠቢያዎች ጎርፋቸውን ወደ ቦይ ከመልቀቃቸው በፊት የሚያዘቅጥ ጉድጓድ ያስፈልጋቸዋል፤ ጉድጓዱም ከሰኔ በፊት ይጠረግ።

ከሐይቁ የተነቀለ እምቦጭ ዳር ላይ ከተከመረ በስብሶ ያጠራቀመውን ንጥረ ነገር በመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባል። ከሙላቱ መስመር ውጭ ይወሰድ። ኮምፖስት ለማድረግ ከታሰበ እምቦጭ ብረታ ብረት ስለሚያከማች መጀመሪያ ካድሚየሙና እርሳሱ ይመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ለጎመን መደብ አይሁን።

የሣር መደቡ በተሠራበት ፈሰስና ባልተሠራበት ሌላ ፈሰስ ላይ በሚቀጥለው ሰኔ ያው ጠርሙስ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ላቦራቶሪ ይደገም። ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የወንዙ ከፍታና የቀጂው ስም ይጻፍ። ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ከላዩ ላይ ይገለጽ፤ «10 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ናሙና ከስድስት ወር በኋላ የጠዋት ይሁን የማታ ማንም ሊለየው አይችልም።